በቡናማ ፖስታ ይመጣ የነበረው መጽሔት፤ የ«ፊዚክ ፒክቶሪያል»ን ሦስት ቅጽ ገዝቼ ያየሁት

ሦስት ወፍራም መጻሕፍት ናቸው። ሦስቱም አንድ የካርቶን ማኅደር ውስጥ ይገባሉ። ስታነሷቸው ክንዳችሁ ላይ ይታወቃል። ያሳተማቸው ታሸን የሚባለው የጀርመን ድርጅት ነው፣ በ1997። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ውስጣቸው ያለው ፊዚክ ፒክቶሪያል የሚባል ትንሽ የአሜሪካ መጽሔት ነው። ከ1951 እስከ 1990 የወጣው ሁሉ እንደነበረ፣ ከነማስታወቂያው ከነአድራሻው እንደገና ታትሟል።

ምን ዓይነት መጽሔት እንደሆነ በቀጥታ ልንገራችሁ። የወንድ ገላ ፎቶ ነው። ይገዙት የነበሩት ደግሞ በአብዛኛው ወንድ የሚወዱ ወንዶች ናቸው፣ በድብቅ። ጌይ መሆን ሥራ በሚያሳጣበትና እስር ቤት በሚያስገባበት ዘመን። የአዋቂ ሰው መጽሐፍ ነው፣ ልጆች የሚደርሱበት መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ርዕሱ የማይመቻችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ አልቀየምም።

ለምን ገዛኸው ካላችሁኝ፣ ነገሩ የጀመረው ከፖስታ ቤት ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሐበሻ የሞላበት ከተማ ነው። እንጀራውም፣ ቡናውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የድሮ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳነብ የከተማዬን ስም አየሁ። ማርች 25 ቀን 1960 አሌክሳንድሪያ ፖስታ ቤት ስድስት እሽግ ገባ ይላል። ውስጡ 405 መጽሔት። ወደ ቺካጎ የሚሄድ። ፖስታ ቤቱ ያዘው፣ ጸያፍ ነው ብሎ አልልክም አለ። የተያዙት ፊዚክ ፒክቶሪያል አልነበሩም፣ እሱን ተከትለው የተወለዱ ሦስት ሌሎች ናቸው። እኔ ለእናቴ መድኃኒትና መነጽር የምልክበት ከተማ ውስጥ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት፣ እንደኔ ላሉ ሰዎች የተላከ 405 መጽሔት ተይዞ እንደነበር ሳውቅ የሆነ ነገር ውስጤ ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ መጽሔቶች ማንበብ አላቆምኩም። በመጨረሻም የሁሉንም አባት ገዛሁ።

መጀመሪያ ስለ ግዢው። አዲስ አላገኘሁም፣ ሁለተኛ እጅ ነው። 260 ዶላር ከፈልኩ፣ ለመላኪያ ደግሞ 24። የሻጩን ስም አልጠራም፣ ግን አስተሻሸጉ በጣም አናዶኛል። ይህን የሚያህል ክብደት በስስ ካርቶን ጠቅልሎ ላከው። መንገድ ላይ አንዱ ጥግ ተቀደደና የመጽሐፉ ሽፋን ወጥቶ ይታይ ጀመር።

የምኖርበት ሕንፃ ቢሮ ውስጥ ዕቃ የሚቀበሉ አንዲት እናት አሉ፣ የአገራችን ሰው ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው። ልቀበል ስሄድ እሽጉ በሰፊ ፕላስተር ዙሪያውን ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። የተቀደደው ጎን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተደርቦበታል።

«ተቀዶ ነው የመጣው ልጄ፣ እኔ አይደለሁም» አሉኝ።

«አውቃለሁ እትዬ፣ ችግር የለውም።»

«መጽሐፍ ነው?»

«አዎ፣ የድሮ መጽሐፍ ነው።»

«ከባድ ነው፣ ከሥሩ ያዘው» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

አይተውት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ በሩን ቆልፌ ነው የከፈትኩት። ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ግን ቆለፍኩ።

ማኅደሩ አንድ ጥጉ ተጨፍልቋል። መጻሕፍቱ ራሳቸው ደህና ናቸው። ስፌቱ ጠንካራ ነው፣ ገጽ አይለቅም፣ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጉት ተዘርግቶ ይቀመጣል። ይሄ ለእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ፎቶዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ አጎንብሳችሁ ነው የምታዩአቸው። ዋናው መጽሔት ትንሽ ነገር ነበር። አንድ ገጽ ላይ አራት አምስት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይደረደራል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የታጨቀ ጽሑፍ አለ። አጉሊ መነጽር ግዙ። የምሬን ነው፣ እኔ በሁለተኛው ቀን ሄጄ ገዛሁ።

አሁን ስለ ሰውየው። ቦብ ማይዘር ይባላል። በ1922 የተወለደ፣ ሎስ አንጀለስ ያደገ። በ1945 አትሌቲክ ሞዴል ጊልድ የሚል ስቱዲዮ ከፈተ። ስቱዲዮ ሲባል ትልቅ ነገር አታስቡ። የእናቱ ቤት ነው፣ ዌስት 11ኛ መንገድ ላይ። እናቱ ዴሊያ ክፍል እያከራዩ ነበር የሚተዳደሩት። ፎቶ የሚነሡት ወጣቶች ከፊት ብቻ የምትሸፍን፣ በቀጭን ማሰሪያ የምትታሰር ቁራጭ ጨርቅ ያደርጋሉ። ያቺን ጨርቅ ይሰፉ የነበሩት እናቱ ናቸው። እዚህ ጋ ቆም ብዬ ነበር ያሰብኩት። ልጃቸው ምን እንደሚሠራ እያወቁ፣ ቤታቸውን ሰጥተው፣ ቁጭ ብለው ጨርቅ የሚሰፉ እናት። በ1940ዎቹ። የኔን እናት አሰብኩና ገጹን ሳልገልጥ ብዙ ቆየሁ።

ማይዘር መጀመሪያ መጽሔት የማውጣት ሐሳብ አልነበረውም። ፎቶዎቹን በፖስታ ነበር የሚሸጠው። የሰውነት ማጎልመሻ መጽሔቶች ላይ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ገንዘብ ሲላክለት ፎቶ ይልካል። ፖስታ ቤቱ እነዚያን መጽሔቶች ማስፈራራት ሲጀምር ግን ማስታወቂያውን አንቀበልም አሉት። እሱም የራሱንና የሌሎች ፎቶ አንሺዎችን ሥራ ሰብስቦ ራሱ አሳተመው። ፊዚክ ፒክቶሪያል የተወለደው እንዲህ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ እትሞች መጽሔት ከሚመስሉ የዕቃ ካታሎግ ይመስላሉ። ፎቶ፣ ቁጥር፣ ዋጋ፣ አድራሻ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ካንሳስ ገጠር ውስጥ ላለ ሰው ያ አድራሻ ራሱ ትልቁ ዜና ነው። የሆነ ከተማ ውስጥ፣ የሆነ መንገድ ላይ፣ ቁጥር ያለው ቤት ውስጥ እንደሱ ያለ ሰው አለ ማለት ነው።

የ1950ዎቹን ፎቶዎች ለማየት ትዕግሥት ይኑራችሁ። ከፊት ሁልጊዜ ይሸፈናል። መርከበኛ፣ ካውቦይ፣ የሮማ ወታደር፣ በጀሶ ከተሠራ ዓምድ ሥር የቆመ ግሪካዊ። አንዱን ፎቶ በአጉሊ መነጽር ረጅም ሰዓት አየሁት። ልጁ ዓምዱን ተደግፏል። መብራቱ ከላይ በግራ በኩል ነው። የአገጩ ጥላ አንገቱ ላይ ወድቋል፣ የክንዱ ጥላ ግድግዳው ላይ፣ የጎድን አጥንቶቹ እንኳ አንድ በአንድ ጥላ አላቸው። ጨርቁ ግን ጥላ የለውም። እጥፋትም የለውም። ጠርዙን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት የብሩሽ መስመር ነው። ፎቶው ከተነሣ በኋላ በቀለም የተቀባ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ፎቶ አንሺዎች የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ሕጉን ማለፊያ መንገዱ እሱ ነበር። አንድ ሰው ማታ መብራት ሥር ተቀምጦ፣ ቀጭን ብሩሽ ይዞ፣ እስር ቤት እንዳይገባ ብሎ እያንዳንዷን ፎቶ ጨርቅ ሲያለብስ ታየኝ። ይሄ ለኔ ከፎቶው ሁሉ በላይ የሚናገር ነገር ነው።

ሌላው ነገር ጽሑፉ ነው። ሰው ይህን ለፎቶው ብሎ ይገዛዋል፣ እኔም እንደዚያው። ግን ያቆየኝ ጽሑፉ ነው። ማይዘር ከያንዳንዱ ፎቶ ሥር ያወራል። ልጁ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ጸባዩ እንዴት እንደሆነ። አለፍ ሲል ፖሊስን ይከሳል፣ ፖስታ ቤትን ይከሳል፣ ሳንሱርን ይሞግታል። በ1950ዎቹ አሜሪካ፣ ሁሉም አፉን በዘጋበት ሰዓት፣ ስሙንና አድራሻውን አሳትሞ። ከአንዳንዱ ሞዴል ስም አጠገብ ደግሞ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፣ ቀስት፣ ክብ፣ መስቀለኛ የሚመስሉ። ፍቺውን ካላገኛችሁ ምንም አይነግሯችሁም። ስለ ልጁ ጸባይና ዝንባሌ ማይዘር ራሱ የፈጠረው ኮድ ነው፣ መፍቻው ያለው አንባቢ ብቻ ያነበዋል።

መጽሔቱ በሙሉ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ስፖርት ነው፣ ጤና ነው፣ የግሪክ ቅርፃ ቅርፅ ነው። ወርቁን የሚያየው የሚያውቀው ነው። እኛ አዲስ አበባ እርስ በርሳችን «ዜጋ» እንባባል የነበረው ትዝ አለኝ። «እሱ ዜጋ ነው» ብትል ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቢሰማ ምንም አይደለም። ለሚያውቀው ግን ልቡ ነው የሚዘለው። እነዚያም «ፊዚክ»፣ «ግሪሽያን»፣ «አርቲስት ሞዴል» ሲሉ ያው ነው። በውቅያኖስና በሃምሳ ዓመት የሚራራቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር መፍጠራቸው አስገርሞኛል።

ወደ ፖስታ ቤቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ይህን ሳታውቁ መጽሐፉን ብትገልጡት ግማሹ ያመልጣችኋል። አሜሪካ ውስጥ ከ1873 ጀምሮ ጸያፍ የተባለን ነገር በፖስታ መላክ ወንጀል ነው፣ ኮምስቶክ በሚባለው ሕግ። ጸያፍ ምን እንደሆነ የሚወስኑት ደግሞ ባለሥልጣኖቹ ናቸው። ወንድ የሚወዱ ወንዶችን የሚመለከት ጽሑፍ ሁሉ፣ ፎቶ ባይኖረውም፣ በአጠቃላይ ጸያፍ ይባል ነበር። ዋን የሚባል የሎስ አንጀለስ መጽሔት ነበር፣ ራቁት ፎቶ የሌለው፣ ስለ መብት የሚጽፍ። የኦክቶበር 1954 እትሙን ፖስታ ቤቱ ያዘበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጃንዋሪ 1958 ዋን አሸነፈ። ያ ለጽሑፍ ነው። ፎቶው ግን ገና አልተፈታም።

ፎቶውን ያስፈታው የአሌክሳንድሪያው ጉዳይ ነው። ባለቤቱ ሊን ዎማክ ይባላል፣ ዋሽንግተን ውስጥ የሚያሳትም ሰው፣ ድሮ ፍልስፍና ያስተምር የነበረ። ማንዋል፣ ትሪም እና ግሪሽያን ጊልድ ፒክቶሪያል የሚባሉ ሦስት መጽሔቶች ነበሩት። እነሱ ናቸው 405ቱ። ሌላው ቢሆን ኪሳራውን ውጦ ዝም ይል ነበር። ዎማክ ከሰሰ። ታች ባሉት ፍርድ ቤቶች ተሸነፈ፣ አሁንም ወደ ላይ ሄደ። ጁን 25 ቀን 1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፈረደለት። ዋናውን አስተያየት የጻፉት ዳኛ ሃርላን መጽሔቶቹን አልወደዷቸውም። ደስ የማይሉ፣ ያልታረሙና ርካሽ ናቸው ብለዋል። ግን ኅብረተሰቡ ዝም ብሎ ከሚያልፋቸው የሴት ራቁት ፎቶዎች የባሰ ነገር የላቸውም አሉ። ለሴቱ የተፈቀደ ለወንዱም ነው ማለት ነው። ዳኛው የጠሉትን ነገር ለባለቤቱ ፈረዱለት። እኔ ይህን ሳነብ ደስታዬ ድፍን ያለ አልነበረም፣ ስድብ ያለበት ነጻነት ነው። ግን እሽጉ ተለቀቀ፣ መንገዱም ተከፈተ። በመጽሐፉ ውስጥ ይሄ ለውጥ በዓይን ይታያል። አንደኛውን ቅጽ ጨርሳችሁ ወደ 1960ዎቹ ስትገቡ ፎቶ አንሺው ፍርሃቱ ሲለቀው ታያላችሁ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጨርቁ ጨርሶ ይቀራል።

በዚህ መሃል ግን ሰው ተጎድቷል። የፖስታ መርማሪዎች የብዕር ጓደኛ ክበቦች ውስጥ በውሸት ስም ይገቡ ነበር፣ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፣ የመለሰላቸውን ይከታተሉ ነበር። (የብዕር ጓደኛ ሲባል ልጅ ሆነን ጋዜጣ ላይ አድራሻችንን የምናወጣበት ዓምድ ትዝ የሚላችሁ አላችሁ። ልክ እሱ ነው።) እኔ የማልረሳው የኒውተን አርቪንን ታሪክ ነው። ማሳቹሴትስ፣ ኖርዝሃምፕተን ውስጥ ስሚዝ ኮሌጅ ለአሥርት ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ነው። ሄርማን ሜልቪል ላይ በጻፈው ሥራ በ1951 ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ሴፕቴምበር 1960 ፖሊሶችና አንድ የፖስታ መርማሪ ቤቱ መጡ። ያገኙት እንዲህ ያሉ መጽሔቶችንና ፎቶዎችን ነው። ሥራውን አጣ። ጭንቀቱ ሲበረታበት የባልደረቦቹን ስም ተናገረ። ሁለት ወጣት መምህራን በሱ ሰበብ ተከሰሱ፣ እነሱም ከሥራቸው ወጡ። አርቪን በ1963 ሞተ። የሁለቱ መምህራን ፍርድ ኋላ ላይ ተሽሯል፣ ሥራቸው ግን አልተመለሰላቸውም። መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠ ፎቶ ነው ይሄ ሁሉ። ሦስቱን ቅጽ መደርደሪያዬ ላይ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ሳስቀምጥ ያሰብኩት እሱን ነው።

ስለ ሥዕሎቹም ማንሳት አለብኝ። መጽሔቱ ፎቶ ብቻ አያትምም ነበር። አንደኛው ቅጽ ውስጥ ወደ 1957 የጸደይ እትም ሂዱ። ሽፋኑ ላይ እንጨት ቆራጮች ተሥለዋል፣ ሰፊ ትከሻ፣ ደረታቸውን ነፍተው የቆሙ፣ ፊታቸው ላይ ሐፍረት የሌለ። ሠዓሊው ቱኮ ላክሶነን የሚባል፣ ሄልሲንኪ የሚኖር ሰው ነው። ሥራውን በፖስታ ልኮ ነው ከማይዘር ጋር የተዋወቀው። ማይዘር «ቶም ኦፍ ፊንላንድ» ብሎ አወጣው፣ ያ ስም ዓለምን ዞረ። እስከዚያ ድረስ ወንድ የሚወድ ወንድ ሲሣል የሚሸማቀቅ፣ የሚያሳዝን ሰው ነበር። የሱ ሰዎች ግን ይስቃሉ። እውነቴን ነው፣ እነዚያን ሁለት ሦስት ገጾች ብቻ ለማየት ብዬ መጽሐፉን ደጋግሜ አውርጃለሁ። በ2014 ደግሞ የፊንላንድ ፖስታ የላክሶነንን ሥዕሎች ቴምብር አድርጎ አወጣቸው። ሰውየው በ1991 ነው የሞተው፣ አላየውም።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒም የዚህ መጽሔት አንባቢ ነበር። ለንደን ሆኖ፣ ሎስ አንጀለስን በዓይኑ ሳያይ፣ በ1963 ሁለት ወንዶች ገላ መታጠቢያ ጋ ያሉበትን ሥዕል የሣለው ከዚህ መጽሔት ፎቶ ተነሥቶ ነው። በዓመቱ ሄዶ ከተማዋን አያት። መጽሔቱ ምን ያህል ሩቅ እንደደረሰ ለማሳየት ይሄ ይበቃል።

አሁን ያልወደድኩትን ልናገር። ትልቁ ጉድለት ማብራሪያ የለውም ማለት ይቻላል። መግቢያ አለ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ሺህ ገጽ የሚያልፍ ነገር እጃችሁ ላይ ተጥሎ ነው የሚሄደው። የኮዱን ምልክት መፍቻ ለማግኘት፣ የፍርድ ቤቱን ጉዳይ ለመረዳት፣ አንድ ስም ማን እንደሆነ ለማወቅ ራሳችሁ ትደክማላችሁ። እኔ ከላይ የጻፍኩላችሁን ታሪክ ከሌላ ቦታ ለቃቅሜ ነው። ለዚህ ዋጋ እያንዳንዱ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሁለት ገጽ ማብራሪያ ቢኖር ምን ነበረበት?

ሁለተኛው፣ አንድ ስቱዲዮ ላይ ያተኮረ ስለሆነ የዘመኑ ሙሉ ሥዕል አይደለም። ለምሳሌ ጆርጅ ፕላት ላይንስ እዚህ የለም። ኒውዮርክ ውስጥ የታወቀ የፋሽን ፎቶ አንሺ ነበር። ለጓደኞቹ ብቻ የሚያሳየው የወንድ ገላ ፎቶ ነበረው፣ በኔ ዓይን ከዘመኑ ሁሉ የላቀ ነው። በሕይወት እያለ አሜሪካ ውስጥ ሊያሳትመው አልደፈረም። ዙሪክ ውስጥ የሚወጣ ደር ክራይስ ለተባለ መጽሔት በብዕር ስም ይልክ ነበር። ብዙውን ሥራውን በ1955 ከመሞቱ በፊት የሰውን የፆታ ሕይወት ለሚያጠናው ኪንዚ ተቋም አስረከበ፣ ኢንዲያና ውስጥ ነው ያለው። የማይዘርና የሱ ፎቶ ጎን ለጎን ሲታይ ነው ዘመኑ የሚገባው። አንዱ የጎዳና ወጣቶችን በእናቱ ጓሮ ያነሣል፣ ሌላው በመብራትና በጥላ ጸጥ ያለ ነገር ይሠራል። ሁለቱም የሚፈሩት ግን አንድን መሥሪያ ቤት ነው።

ሦስተኛው እኔን በግል የነካኝ ነው። ጥቁር ሞዴሎች አሉ፣ ግን ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ጥቂት ናቸው። ገጽ በገጽ እየቆጠርኩ ሄጄ ተውኩት። የራሴን መልክ የሚመስል ሰው ሳገኝ ቆም እላለሁ፣ ከዚያ ብዙ ገጽ ምንም የለም። ይህን ጥማት የሚያረካ ነገር ከፈለጋችሁ ሮቲሚ ፋኒ ካዮዴን ፈልጉ። ናይጄሪያ ተወልዶ ለንደን የሠራ ፎቶ አንሺ ነው፣ በ1989 በ34 ዓመቱ የሞተ። ጥቁር ወንዶችን የዮሩባን እምነት ከራሱ ስደትና ፍቅር ጋር አዋሕዶ ነው ያነሣቸው። በራሱ ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ነው።

አንድ የሚያሳስበኝም ነገር አለ። ማይዘር ስለ ወጣቶቹ ጸባይ የፈለገውን ምልክት ይለጥፋል፣ ወጣቶቹ ምን እንደተባለላቸው ያውቁ ነበር ወይ? ብዙዎቹ ገንዘብ ያጠራቸው፣ ከተማው ውስጥ ማንም የሌላቸው ነበሩ። ጥቂት ዶላር ተከፍሏቸው ሄዱ። ፎቶው ግን ይኸው እኔ ቤት አለ። ማይዘር ደፋር ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፣ ይሄ ጥያቄ ግን አይለቀኝም። በተለይ በሦስተኛው ቅጽ፣ በ1970ዎቹና 80ዎቹ፣ ጽሑፉ ሲቀንስና ፎቶው ድፍረት ሲበዛው፣ የቀድሞው ሙግት ጠፍቶ ሽያጩ ብቻ የቀረ ይመስለኛል። ሦስተኛውን አንድ ጊዜ ነው የገለጥኩት። አንደኛውን ግን አላስቀምጠውም።

እንግዲህ ይገዛ አይገዛ? ፎቶ የምታጠኑ፣ የአሜሪካን የሳንሱር ታሪክ የምታነቡ፣ ወይም እንደኔ «ከኛ በፊት እነማን ነበሩ» ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ አዎ፣ ይገዛ። ገንዘቡ ከበዛባችሁ አንደኛውን ቅጽ ብቻ ለብቻው የሚሸጥ ፈልጉ፣ በቂ ነው። ሥነ ጥበብ ብቻ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን አይመቻችሁም፣ ብዙው ፎቶ ተቻኩሎ የተነሣ ነው። ሻጩን መጀመሪያ አናግሩት። ማኅደሩ አለ ወይ? ጥጎቹ ደህና ናቸው? ሦስቱም ቅጽ የአንድ ስብስብ ናቸው? አስተሻሸጉንም በጽሑፍ አስገቡት፣ ድርብ ካርቶን፣ ከውጭ ምንም ያልተጻፈበት።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ በፖስታም በሻንጣም አታስገቡት። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629፣ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚከለክለው፣ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፣ ጸያፍ ኅትመትን የሚከለክለውም ለብቻው አለ። ለአንድ መጽሐፍ ብላችሁ ኤርፖርት ላይ ችግር ውስጥ እንድትገቡ አልፈልግም። እዚህ የሚመጣ ዘመድ ወዳጅ ከሆናችሁ ቤቴ ክፍት ነው፣ ቡና አፍልቼ አንድ ላይ እናያለን።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ማብራሪያ ስለሌለው ነው። ለሻጩ ያለኝ ቅሬታ ለብቻው ነው፣ መጽሐፉን አይመለከትም።

አሁን የ1957ቱን የጸደይ እትም ዋናውን፣ በዚያን ዘመን የታተመውን ቅጂ እየፈለግኩ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው አለኝ አለ። በሁለት ወፍራም ካርቶን መሃል አድርገህ፣ ቡናማ ፖስታ ውስጥ ከተህ ላክልኝ ብዬዋለሁ። በኔ ስም፣ ወደ አሌክሳንድሪያ።